በሬው በተዝካሩ የታረደበት ዘሩ

ዘሩ ከሐኪም ቤት ወጥቶ ወደ ቤቱ የተመለሰው በጣልያን ጊዜ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ካሚዮን ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምንለው ገበያ ድረስ አምጥቶ እንደ እህል ስልቻ አወረደው። ከዚያ ወዲያ አንድ ጨው ነጋዴ አዘነለትና የበቅሎውን ጭነት ለአህዮቹ አከፋፍሎ እሱን ከበቅሎዋ ላይ አስቀመጠው። የዘሩ ቀዬ ማንኩሳ ሳይደርሱ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው። ግራ እግሩ አልታጠፍ ስላለው መንገዱን ሁሉ እንደ ሞፈር ወደ ፊት ቀስሮት ሄደ።

ያ እግር ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጀሶ የሚሉትን ነጭ ነገር ለብሶ ነው የከረመው። ጀሶው ሲፈታ ከውስጡ የወጣው እግር የሌላ ሰው መሰለው፤ የከሳ፣ የገረጣ፣ ጠጉሩ የረገፈ። እንዲያም ሆኖ ዘሩ በመንገዱ ላይ ደስ ብሎታል። ግንቦት ሳይገባ ቤቴ ልገባ ነው፣ መሬቴን ለዳጉሳ አደርሳታለሁ፣ እኔ ማረስ ቢያቅተኝ እንኳ ሁለት በሬ ላለው ሰው የሚያርስለት አይጠፋም፣ እያለ ነው የመጣው።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ መጀመሪያ ያገኟቸው እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው፤ የአባቱ እኅት፣ ባላቸው ሲሞት የመነኮሱ። ውኃ ሊቀዱ ወርደው ነበር። ዘሩን ሲያዩ ቅሉ ከእጃቸው ወደቀ።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!»

«እማሆይ፣ እኔ ነኝ። ዘሩ ነኝ።»

«ዘሩማ ሞቷል! የተዝካሩን ጠላ የጠነሰስኩት በዚህ እጄ ነው!»

«የምን ተዝካር?»

«የዘሩ ነዋ! አንተ ማነህ? ክርስቲያን ከሆንክ እስቲ አማትብ!»

ዘሩ በአንድ እጁ የበቅሎዋን ጋማ ጨብጦ በሌላው አማተበ።

«አቡነ ዘበሰማያት ድገም።»

«እማሆይ፣ እግሬን እያመመኝ ነው፤ በእግዜር ያሳልፉኝ!»

«ያምሃል?» አሉ መነኩሲቷ። ቀስ ብለው ጠጋ አሉና ጉልበቱን በጣታቸው ጫን አደረጉት። ዘሩ ጮኸ። «ያመዋል! ሙት ምኑን ያመዋል! ኧረ ልጄ ነው!» ብለው፣ እሱን ከላይ መድረስ ስላልቻሉ፣ የበቅሎዋን አንገት አቅፈው አለቀሱ።

ነጋዴው ትንፋሹን ለቀቀ። «እኔስ ሙት ጭኜ ከሆነ ከእንግዲህ ጨዌን ማን ይገዛኛል ብዬ ልቤ ቆሞ ነበር» አለ።

ሚስቱ ታንጉት ከደጅ ቆማ ጠበቀችው። ጠጉሯን ተላጭታለች፤ ቀሚሷ በጭቃ ተነክሮ ጠቁሯል። አልጮኸችም፣ አልሮጠችም። ነጋዴው ደግፎ ካወረደው በኋላ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችና ግንባሩን፣ አገጩን፣ ከጆሮው ሥር ያለችውን ጠባሳ ሳይቀር ዳሰሰችው።

«ታዲያ ጋቢህን ለብሶ የሞተው ማነው?» አለችው።

ዘሩ ነገሩ የገባው ይኼኔ ነው። ተሸክመው አስገቡትና ከመደቡ ላይ አስተኙት።

የሆነው እንዲህ ነው። መስቀል እንዳለፈ ጣልያን ለመንገድ ሥራ ሰው ሲያፍስ ዘሩን ከገበያ ያዘው። በርበሬ ሊሸምት የሄደ ሰው ነው። ባንዳው በጠመንጃው አፈሙዝ ትከሻውን ገፋ ገፋ አድርጎ «አንተ ጠንካራ ነህ» አለው፤ ጥፋቱ ይኸው ጥንካሬው ሆነ። በርበሬውን ከነስልቻው እዚያው ጥሎ ሄደ። ቡሬ አጠገብ ድንጋይ ሲፈልጥ ይርሳው ከሚባል የቋሪት ሰው ጋር ተጎዳኘ፤ ከገበዘ ማርያም ነው የመጣሁት ይል ነበር። ደገኛ ነውና ወንዝ ዳር ማደሩ አልተስማማውም፣ ንዳድ ያዘው። አንድ ጧት ይርሳው ጥርሱ እስኪንገጫገጭ ሲንቀጠቀጥ ዘሩ ጋቢውን አውልቆ አለበሰውና ከቋጥኙ ሥር አስተኛው። ጣልያኑ ድማሚቱን ሲለኩስ ሽሹ ያለ ሰው አልነበረም። ወይም ያለው በራሱ ቋንቋ ይሆናል። ቋጥኙ ተናደ። ዘሩ ጭኑ ተሰብሮ፣ ራሱን ሳያውቅ፣ በካሚዮን ተጭኖ ሄደ።

ያገሩ ልጆች ከማዶ ይሠሩ ነበርና ፍንዳታውን ሰምተው ሲመጡ፣ ያገኙት በዘሩ ጋቢ የተጠቀለለ፣ ፊቱ የማይለይ ሬሳ ነው። ጋቢው ታንጉት የፈተለችው፣ ጫፉን በሰማያዊ ክር የቋጨችው፣ አገር የሚያውቀው ጋቢ ነው። ምን ይበሉ! ሬሳውን በአንድ ነጠላ ከፍነው እዚያው ቀበሩት፤ ጋቢውን ለልቅሶ ይዘው መጡ። በጋቢው ተለቀሰ። ፍትሐቱም ተፈታ። አርባው ሲደርስ፣ ጾመ ነቢያት ሳይገባ፣ ተዝካር ተበላ።

ዘሩም ከሐኪም ቤት ዝም አላለም። አንድ የማር ነጋዴ አግኝቶ «ጭኔ እንጂ ነፍሴ አልተሰበረችም በልልኝ» ብሎ ልኮ ነበር። ነጋዴው ማንኩሳ ገበያ ደርሶ የዘሩን ቤት ቢጠይቅ «የትኛው ዘሩ? የሱማ ተዝካር ተበላ እኮ» አሉት። ተዝካሩ የተበላ ሰው ሰላምታ አይልክም፣ ስሙን ተሳስቼ ይሆናል፣ ብሎ መልእክቱን ይዞ ተመለሰ።

እንግዲህ ክፉ ያሰበ አንድ ሰው የለም። ዘሩን ያንገበገበው ይኸው ነው። ክፉ ያሰበ ቢኖር በአንድ ስድብ ይወጣለት ነበር።

ከመደቡ ላይ ሆኖ ውኃ ከጠጣ በኋላ ስለ በሬዎቹ ጠየቀ። ሁለት ናቸው፤ ዳማና ግንባረ ነጩ ቦራ።

«ዳማ አለ» አለች ታንጉት።

«ቦራስ?»

እሳቱን መቆስቆስ ጀመረች።

«ታንጉት፣ ቦራስ?»

«ቦራን ላንተ አረድንልህ።»

«ለኔ?»

«ለነፍስህ። እኔ እምቢ ብዬ ነበር። አያ ሀይሉ በሰው መሀል ‹ለባልሽ ነፍስ ትሰስቻለሽ? በጨለማ ይሂድልሽ?› አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምን አፍ አለኝ? አረዱት።»

ዘሩ ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ። ሀይሉ ያጎቱ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠው አያ ነው የሚለው። ዘሩ ከነጠላው ሥር እንዲህ ሲል ተሰማ፤ «ጣልያን እግሬን ሰበረ። ጠላት ነው፤ ከጠላት ምን ይጠበቃል። ወገኔ ግን ቀኝ እጄን በድልህ በላው!»

የመዳኑ ነገር እንዲህ ተጀመረ። ጧት ጧት ታንጉት ቅቤ አሙቃ ጭኑን ታሸዋለች፤ እሱ የነጠላውን ጫፍ ነክሶ ጣራውን ያያል። ከወይራ ባላ ምርኩዝ ተቆረጠለት። መጀመሪያ ከመደቡ እስከ ምሰሶው፣ ከምሰሶው እስከ በሩ፣ እንደ ሕፃን ድክ ድክ ማለት ጀመረ። ሲወድቅ ቦራን የበሉትን ሁሉ በየስማቸው እየጠራ ይነሳል። ታንጉት ስትታዘበው፣ ከቅቤው ይልቅ ንዴቱ ነው የሚያቆመው። በሩ ላይ ሲደርስ መሬቱ ከቁልቁለቱ ሥር ትታየዋለች። ታርሳለች። ማን እንዳረሳት ሲጠይቅ ታንጉት «ቀስ ብለህ ትሰማለህ፤ ዛሬ እግርህን አስታም» ትለዋለች።

ጎረቤቱም ሊጠይቀው ይመጣ ጀመር። በሽተኛ ሲጠየቅ ወተት ይመጣል፣ ዳቦ ይመጣል፣ «እግዜር ይማርህ» ተብሎ ይወጣል። እነዚህ ግን ሊያዩት ነው የመጡ። ዙሪያውን ይቀመጡና ያፈጡበታል።

«እኔስ እንዴት እንዳለቀስኩልህ!» አለች አንዷ ጎረቤት። «ድምፄ ተዘግቶ ሰነበተ እኮ።»

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ? ልሙትልሽ?»

«ኧረ እኔስ እንዲያው ለነገሩ ነው።»

የሷ ባል ደግሞ ሳቂታ ቢጤ ነው። «አንተማ የታደልክ ነህ» አለ። «ተዝካሩን በቁሙ ማን ሰምቶ ያውቃል?»

ዘሩ ጥርሱን ነክሶ «ጠላው እንዴት ነበር?» አለው።

«ጠላውስ ግሩም ነው፤ እማሆይ ያውቁበታል። ሥጋው ነው ትንሽ የጠጠረን።»

«ጠጠራችሁ?»

«ጅማት በጅማት። በሬውን አብዝተህ አርሰህበት ነው መሰለኝ።»

ዘሩ ምርኩዙን አነሳ። ታንጉት ክንዱን ባትይዘው ያን ቀን ሁለተኛ ስብራት በቀዬው ይገባ ነበር።

ስለ ጣልያኑ ሐኪምም ይጠይቁታል። ደግ ነው ይባላል፣ እውነት ነው ወይ ይሉታል። ዘሩ ይህም ያናድደዋል። «ደግ ነው» ይላል። «ምንጣፍ አንጥፎ፣ ሾርባ አጠጥቶ፣ አጥንቴን ገጣጠመው። የሰበረኝም እሱ የጠገነኝም እሱ። አሁን ምን በል ነው የምትሉኝ? ልመርቀው?»

ሰንበት ብሎ ሀይሉ መጣ። ማር ይዞ ነው የመጣው፤ አቅፎ ሳመው፣ እንባም አወጣ። ውሸት አልነበረም እንባው። ከዚያ ተቀምጦ ወገቡን አስተካከለና ወደ ነገሩ ገባ።

«እንግዲህ መሬቷን ሁለት ጊዜ አርሻታለሁ። የሙት መሬት ጦሟን አትደር ብዬ ነው።»

«ሙቱ መጥቷል፣ አያ ሀይሉ።»

«መጥቷል፤ ተመስገን። ግን በምን ታርሳለህ? ያለህ አንድ በሬ፣ አንድ እግር። ዘንድሮ እኔ ልዝራና እኩል እንካፈል። ለከርሞ እናያለን።»

ታንጉት ከጓዳ ብቅ አለች። «ለከርሞ እናያለን» የሚለው ቃል ምን እንደሆነ እሷም ታውቀዋለች። ርስቱ የአንድ አያት ነው፤ ያቺን ቁራሽ የዘሩ የሚያደርጋት ዘሩ ስለሚያርሳት ብቻ ነው። ዘንድሮ ሀይሉ ዘራ፣ ከርሞ ሀይሉ ዘራ፣ ከዚያ ወዲያ አገሩ ራሱ «የሀይሉ እርሻ» ይላታል። ዘሩም ምርኩዙን ታቅፎ በዘመድ ምጽዋት የሚያድር ሰው ይሆናል።

«በሬ የለህም ትለኛለህ» አለ ዘሩ። «በሬዬን ያሳረድከው አንተ አይደለህ?»

«ላንተው ነፍስ እኮ ነው! ደግ በሠራሁ!»

«ጎድኑን የበላህ አንተ፣ ነፍሱ የኔ?»

«ጎድኑን እንኳ የበሉት ቄሶቹ ናቸው» አለ ሀይሉ ቅር ብሎት። «እኔ ሻኛ ነው የደረሰኝ።»

«ውጣ፣ ሀይሉ!»

አያ የሚለውን ያን ቀን ዘለለው። ሀይሉ ሰማው፤ ማሩን ትቶ ወጣ።

ዘሩ ከሰው መሀል መናገር የማይሆንለት ሰው ነው። በሸንጎ ከኋላ ይቀመጣል፤ ሲጠየቅ ምድር ምድር ያያል። ደግሞ ማንን ይክሰስ? የጣልያን ሹም ዘንድ ሄዶ በሬዬን በተዝካሬ በሉብኝ ይበል? ከዚያስ ሞት ይሻለዋል። ሲያስብ ሰነበተና አንድ ቅዳሜ ለእማሆይ «ነገ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ» አላቸው።

«በምንህ?»

«በምርኩዜ።»

«ዳገቱን? አህያዬን አመጣልሃለሁ።»

«ወንድ ልጅ በአህያ ተቀምጦ!»

«ጌታችን ተቀምጦባታል፤ አንተ ከሱ ትበልጣለህ?»

በአህያ ሄደ። ልጆች እየሳቁ ተከተሉት። ቅዳሴው አልቆ ሰንበቴው ከዛፉ ጥላ ሥር ሲቀመጥ፣ ዳቦው ተባርኮ ጽዋው ሳይዞር፣ ዘሩ በምርኩዙ ተደግፎ ቆመ። ሁሉም ዞሮ አየው። በሰው መሀል ለንግግር ሲቆም ያየው ሰው አልነበረማ።

«መምሬ» አለ። ነፍስ አባቱን መምሬ ገብረሰንበትን ነው። «ይቅር ይበሉኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያ የኔ ተዝካር፣ ደርሶልኛል ወይስ አልደረሰልኝም?»

መምሬ ጢማቸውን ዳበሱ። «ልጄ፣ እኛ በስምህ ፈታን፣ በስምህ አሳረግን። ያላወቀ አይኮነንም።»

«ተቀማጭ ነው!» አለ ያ ሳቂታው ጎረቤት። «ስትሞት ይጠብቅሃል።» ሰዉ ሳቀ።

«እንዲያ ከሆነማ ደግ» አለ ዘሩ። ፊቱ ጠቁሯል። «ስሞት ሚስቴ ዳግመኛ እንዳትደግስ፣ እዚሁ እመቤታችን ደጅ ይማሉልኝ። ‹የዘሩ ተዝካር በልተናል፣ ይበቃናል› ይበሉልኝ።»

መምሬ እጃቸውን ከጢማቸው አውርደው ወደ ቤተ መቅደሱ አዩ። ሳቁም ቆመ።

«አይምሉም። እንግዲያው የኔ አይደለም ማለት ነው። የማን እንደሆነ ልንገራችሁ? የይርሳው ነው። የቋሪት ሰው። በኔ ጋቢ ውስጥ የሞተው እሱ ነው። እናቱ ይኼኔ ገበዘ ማርያም ላይ ሆና መንገድ ታያለች። ስሙን አንዳችሁም አልጠራችሁለት። የሱን እንባ እኔ ላይ አፈሰሳችሁት፤ እሱን ያለ ልቅሶ ቀበራችሁት፤ እኔን ሳልሞት አለቀሳችሁኝ። ሁለታችንንም በደላችሁን።»

ከሴቶቹ ወገን አንዷ «እኔ ልፈንዳ!» አለች። ሬሳውን የቀበሩት ልጆች አንገታቸውን ደፉ።

መምሬ ተነሱ። ካባቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «እውነት ነው» አሉ። «ጸሎት ስም ቢሳሳት እግዚአብሔር አይሳሳትም፤ ለተኛው ደርሷል። ቢሆንም ስሙ ዛሬውኑ በቤተ መቅደስ ይጠራል። ለእናቱም መርዶ የሚያደርስ ዲያቆን ነገ እልካለሁ። ይህ የኛ ዕዳ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ መምሬ። ጸሎቱ ለይርሳው ይሁን፤ ደስ ይለኛል። ጋቢዬንም በገዛ እጄ ነው ያለበስኩት። በሬዬን ግን ለማንም አልሰጠሁም።» ዘሩ ምርኩዙን አጠበቀ። «ተዝካር ካልሆነ ያ የበላችሁት ምንድነው? እኔ ሳስበው ደቦ ነው። አንድ ሰው በሬ አርዶ፣ ጠላ ጠምቆ፣ አገር ሲጠራ ሌላ ምን ይባላል? የደቦ ወጉ መጀመሪያ ማረስ፣ ከዚያ መብላት ነበር። እናንተ ቀድማችሁ በልታችኋል። ማክሰኞ መጥታችሁ እረሱ።»

ሀይሉ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ተዝካር ደቦ ሆነ? እንዲህ ያለ ወግ የት ተሰማ?»

«ሰው በሕይወቱ ተዝካሩ የተበላበት ወግስ የት ተሰማ?»

«ምላሱ በጀሶ አልታሰረ ኖሯል!» አለ አንዱ ሽማግሌ ከወደ ኋላ። ከዚያ ወዲያ ሰዉ እርስ በርሱ ማጉረምረም ያዘ። እኔ ያን ቀን ታምሜ አልበላሁም የሚል ተገኘ። እኔ ዳቦ ብቻ ነው የቀመስኩ የሚልም ነበረ። አሁን ሁሉም ምን ያህል ትንሽ እንደበላ ማስታወስ ጀመረ፤ ዘሩ ይህን ሲሰማ ንዴቱ ወጥቶ ጆሮው ጫፍ ደረሰ።

መምሬ እጃቸውን አነሱ። «እኔ በልቻለሁ» አሉ። «ጎድን ነው የደረሰኝ፤ ግማሹንም ወደ ቤቴ ልኬዋለሁ። ማክሰኞ ጥማዴን ይዤ እመጣለሁ። የቀራችሁት ከኅሊናችሁ ጋር ተነጋገሩ።»

ማክሰኞ ፀሐይ ስትወጣ ዘሩ ከእርሻው ዳር ቁርበት አስነጥፎ ተቀምጧል። ታንጉት ዳማን አሥራ ቀንበሩንና ሞፈሩን አውጥታለች። ማንም የለም። ጤዛው ረገፈ፤ አሁንም ማንም የለም። ዘሩ መንገዱን ላለማየት ሣር ይነጫል።

«ቢመጡም ባይመጡም ዛሬ ይታረሳል» አለ በመጨረሻ። ምርኩዙን ተደግፎ ተነሳና ወደ ሞፈሩ ሄደ። አንድ በሬ ብቻውን እንደማያርስ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግን እርፉን ጨበጠ። ጉልበቱ ከዳው፤ ከእርሻው ላይ በግንባሩ ተደፋ። ታንጉት ልታነሳው ስትሮጥ «ተይኝ!» ብሎ ጮኸባት። «ተይኝ፤ ይህ እንኳ መሬቴ ነው፤ በገዛ መሬቴ ልውደቅበት!»

የመምሬ ጅራፍ የተሰማው ይኼኔ ነው። ጥምጥማቸውን ፈትተው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ሁለት በሬ እየነዱ ከቁልቁለቱ ብቅ አሉ። ዘሩ አፈር እንደቃመ መሆኑን አይተው እንዳላዩ አለፉ። «ከየት ልጀምር?» አሉ ብቻ። ከኋላቸው ያ ሳቂታው ጎረቤት መጣ። ከዚያ ሬሳውን የቀበሩት ልጆች፣ ሁለት ጥማድ ይዘው። አንዱ አንድ በሬ ብቻ ነበረውና ከዳማ ጋር አቀናጅቶ ጠመደ። ሁሉም መጣ ማለት አይደለም። ዳቦ ብቻ ነው የቀመስኩ ያለው አልመጣም። ያም ሆኖ እርሻዋ ጅራፍ በጅራፍ ሆነች።

ዘሩ ተመልሶ ከቁርበቱ ላይ ተቀመጠ እንጂ አልተደሰተም። «ያ ፈር ጠመመ!» ይላል። «ማረሻህን ጫን በለው፤ ሥጋውን ስትቆርጥ እንዲህ አልሳሳህም!» ሲለው ሳቂታው ጎረቤት ሳይስቅ እርፉን ተጫነው።

ምሳ ሰዓት ሲሆን በሬ ተፈታ፤ ሰዎቹ እንደ ደቦ ልማድ ከጥላው ሥር ተቀምጠው ወደ ቤቱ በኩል ያዩ ጀመር። ታንጉት መጣች። እንስራ ነው ያዘለችው። ቀዳችላቸው፤ ውኃ ነው። አንዱ ቀመሰና ጓደኛውን አየ።

«ሌላ የለም?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሌላውን ጾም ሳይገባ ጨርሳችሁታል» አለች ታንጉት። መምሬ ቀድመው ሳቁ፤ ውኃውንም ባርከው ጠጡ። ዘሩ አልሳቀም።

ከሰዓት በኋላ እርሻዋ ልታልቅ መሀሏ ብቻ ሲቀር፣ ሀይሉ ሁለት በሬውን እየነዳ ከድንበሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ማንም ና አላለውም። ሰዎቹ ጅራፋቸውን አቁመው ዘሩን አዩት።

«እኔም በልቻለሁ» አለ ሀይሉ። ዓይኑ በሬዎቹ ላይ ነው።

ዘሩ «ሂድልኝ» ሊለው አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሰዎቹን አየ፤ መምሬን አየ። ሀይሉ ይህችን መሬት በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ደቦ ሰው ካረሳት፣ የማን እንደሆነች በገዛ ማረሻው መሰከረ ማለት ነው። ነገ ተነስቶ የኔ ነች ሊል አይችልም። ሀይሉም ይህን ሳያውቅ አልመጣም፤ አውቆ ነው የመጣ።

«መሀሉን አንተ እረስ» አለው።

ሀይሉ ገባ። በሬዎቹን አዙሮ የመጀመሪያውን ፈር አወጣ። ዘሩ ከቁርበቱ ላይ በምርኩዙ ተደግፎ ተነሳና ድንበር ድንበሩን እያነከሰ ተከተለው።

«አልጠለቀም! ድገመው!»

ሀይሉ ደገመው።

«ወደ ግራ ሳብ! ያችን ጉቶ ምን ዘለልካት? የሰው መሬት ስትሆን ጉቶ አይታይህም?»

ሀይሉ ጎንበስ ብሎ ጉቶዋን በእጁ ነቀላት። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ታንጉት ከዘሩ ጎን ደረሰችና ነጠላውን ሳብ አደረገችው።

«ተው እንግዲህ፤ መጥቷል እኮ። ይበቃል።»

«አይበቃም» አላት፤ እያነከሰ ወደሚቀጥለው ፈር ሄደ።